«ራሴ ነኝ የለቀቅኩት»

ሐበሻ ሥራ ሲያጣ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የቤት ኪራዩ አይመስለኝም። «ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» የሚለው ነው። ኪራዩ እስከ ወር መጨረሻ ይታገሣል። ሰው ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይጠይቃል፣ ሰኞ ቡና ቤት ይጠይቃል። እኛም መልሱን አናጣም። «ሰለቸኝ፣ ተውኩት።» «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።» «ራሴ ነኝ የለቀቅኩት።» ለወዳጅ እንዲህ ቢባል ማንም አይጎዳም። ይኸው መልስ አሜሪካ ውስጥ የአንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም ሥራ ላጣ ሰው በየሳምንቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ማመልከቻ ላይ ሲገባ ግን የወራት ገቢ ያሳጣል።

እኔም አልፌበታለሁ። የምሠራው ሆቴል ውስጥ፣ የግብዣና የስብሰባ አዳራሽ ክፍል ነበር። ጠረጴዛ መዘርጋት፣ ማስተናገድ፣ ማንሳት፣ እንደገና መዘርጋት። ስብሰባው ሲቀንስ ሺፍታችንም (የሥራ ተራችን) አብሮ ቀነሰ። በመጨረሻ ሰብስበው «ሌይኦፍ ናችሁ» አሉን፤ ሥራ ስለቀነሰ ተሰናብታችኋል ማለት ነው። ደብዳቤ ሰጡን፣ እጅ ጨበጡን፣ ኬክም ነበር። ኬኩን ማን እንዳሰበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ማታ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ሥራ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው እማዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የእኛ አፍ ምን እንደለመደ ለማሳየት ነው። ሁሉም ነገር ደህና ነው ማለት ነው የተማርነው። የሥራ አጥ ክፍያ ሥርዓት ደግሞ ደህና ያልሆነውን በትክክል፣ በቀኑና በምክንያቱ ንገሩኝ ይላል።

ገና ከመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ የት ነው የሚመለከተው? ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች አንዱ ጋ አድረን ሌላው ጋ ነው የምንሠራው። ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይቶ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራ ሞልቷል። ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ ቤት ገዝቶ ሜሪላንድ የሚመላለስም አለ። ማመልከቻው የሚገባው የሠራችሁበት ስቴት ነው፣ የምትኖሩበት አይደለም። ሁለት ቦታ የሠራ ሰው የሁለቱን ደመወዝ አንድ ላይ አስደምሮ መጠየቅ ይችላል። እኔም አንዱ ጋ እየኖርኩ ሌላው ጋ ነበር የምሠራው፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም። ልዩነቱ ግን ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይህን ስጽፍ ከፍተኛው ሳምንታዊ ክፍያ በዲሲ 444 ዶላር፣ በሜሪላንድ 430 ዶላር ነው። ድልድይ በተሻገራችሁ ቁጥር ደንቡም ቅጹም ይለያል።

ምክንያቱ የቆየ ነው። የሥራ አጥ መድን ሕግን በ1932 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ቀድማ ያወጣችው የዊስኮንሲን ስቴት ናት። ከዚያ በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሶሻል ሴኩሪቲን (የማኅበራዊ ዋስትናን) ሕግ ፈረሙ። እኛ ያንን ሕግ የምናውቀው በጡረታው ነው፤ የሥራ አጥ መድኑም እዚያው ውስጥ አለ። ዝግጅቱን ከመሩት አንዷ የሠራተኛ ሚኒስትሯ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ነበሩ። ማዕቀፉን የፌዴራል መንግሥቱ አወጣ፤ ማስተዳደሩን ለየስቴቱ ተወ። ስለዚህ ከቴክሳስ የምትደውል የአክስታችሁ ልጅ ምክር በቅን ልብ የተሰጠ ቢሆንም ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

መድን ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። «የመንግሥት እርዳታ ውስጥ አልገባም» የሚል ሰው ስንቴ ሰምቻለሁ። ለመሆኑ እድር ገብቶ ወርሃዊውን ሲከፍል የኖረ ሰው፣ ድንኳኑ ሲመጣለት ያፍራል? ይሄም ቀድሞ የተከፈለበት ነው። አሠሪው በእያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ለስቴቱም ለፌዴራል መንግሥቱም ታክስ ያስገባል። ከሠራተኛው ኪስም የሚቆርጡት አላስካ፣ ኒው ጀርዚና ፔንሲልቬኒያ ብቻ ናቸው። የተከፈለው በእናንተ ሥራ ምክንያት ነው። የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም።

መድን ስለሆነም ድህነታችሁን አይለካም። ባል ወይም ሚስት ትሠራለች ወይ፣ ባንክ ስንት አላችሁ፣ ቤት አላችሁ ወይ አይልም። አብራኝ የወጣች ልጅ እቁብ ደርሷት ብሩ አካውንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። «ይሄን ካዩ ይከለክሉኛል» ብላ ልትተወው ነበር። የራሷ ቁጠባ ነው እኮ! የሥራ ገቢ አይደለም። ሌላው ፍርሃት ግሪን ካርድ ነው። «ነገ ለመንግሥት ሸክም ነህ ይሉኛል» የሚለው ወሬ በየቡና ቤቱ ይዞራል። በ2022 በወጣው የፌዴራል ደንብ የሥራ አጥ ክፍያ እንደ ሸክም አልተቆጠረም፤ ሠርተው ያገኙት ነውና። የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ደመወዙን ስታገኙም ሆነ ክፍያውን በምትጠይቁበት ሳምንት ፈቃዳችሁ የጸና መሆን አለበት። ወርክ ፐርሚቱ ያለፈበት ሰው ነገ ሥራ ቢያገኝ መግባት ስለማይችል፣ «ለሥራ ዝግጁ ነኝ» ማለት አይችልም።

አገር ቤት የዚህ ዓይነት መድን ስላላየን ግራ ቢገባን አይፈረድብንም። የምናውቀው የሥራ ስንብት ክፍያን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ ይከፈላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ተቀብሎ፣ ፈርሞ፣ መሄድ። በየሳምንቱ «ዛሬስ ሥራ አገኘህ?» የሚል የለም። እዚህ ግን ግንኙነቱ ከአሠሪው ጋር አይደለም፤ ከስቴቱ ጋር ነው፤ ሥራ እስክታገኙ ወይም ሳምንታቱ እስኪያልቁ ይቀጥላል። በብዙ ስቴቶች ጣሪያው 26 ሳምንት ነው።

ስንት ይደርሰኛል የሚለው ከጥቂት ወራት በፊት ባለው ደመወዝ ይወሰናል። ዓመቱን በአራት ሩብ ይከፍሉታል። በቅርብ ካለቁት አምስት ሩቦች የመጀመሪያዎቹን አራቱን ይወስዳሉ። አምስተኛውና አሁን ያላችሁበት ገና ያላለቀው ሩብ ብዙ ጊዜ አይቆጠሩም። በዲሲ ከአራቱ ከፍተኛውን ሩብ ለ26 ያካፍሉታል። በዚያ ሩብ 9,100 ዶላር ያገኘ ሰው በሳምንት 350 ይደርሰዋል ማለት ነው።

ስሌቱ ደረቅ ነው፤ የሚያወጣው ጉድ ግን ደረቅ አይደለም። በካሽ ሲከፈለው የኖረ ሰው በስቴቱ ዓይን አልሠራም። ግማሹን በቼክ ግማሹን በካሽ የሚከፍሉ ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ አንዳንዶቹም የእኛው ናቸው። ያኔ «ታክሱ ይቀርልሃል» ተብሎ እንደ ውለታ ተቆጥሮ ነበር። ቲፑን አሳንሶ ያስመዘገበ አስተናጋጅም እንዲሁ። ሥራው የቆመ ቀን የተመዘገበው ብቻ ነው የሚናገርለት። ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወንድሞቻችን ደግሞ እንደ ራስ ሥራ ስለሚቆጠሩ በመደበኛው ሥርዓት የሉበትም። በ2020 በኮቪድ ጊዜ የወጣው ልዩ ፕሮግራም አስገብቷቸው ነበር። ያ ፕሮግራም በሴፕቴምበር 2021 አብቅቷል። እስካሁን «ያኔ እኮ ሰጥተውኝ ነበር» የሚለኝ ሰው አለ።

ከዚያ ደግሞ ስም አለ። የኮምፒዩተሩ ሥርዓት የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ እኛ ያለን የአባት ስም ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መጨረሻ ሆኖ ይመዘገባል፣ ሌላው ላይ የአያት። ገብረ መድኅን ወይም ወልደ ማርያም የሚባል አባት ያለው ሰውማ አሳሩን ያያል። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ አንድ ቃል፣ ደመወዝ መዝገቡ ላይ ሁለት ቃል ይሆናል፤ «ገብረ» ብቻዋን የመሐል ስም ሆና ትቀራለች። ማሽኑ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያያል። የኔ ማመልከቻ «ማንነት በመጣራት ላይ» የሚል ጽሑፍ ይዞ የቆመው በዚሁ ምክንያት ነበር። ስልክ ስትይዙ ሙዚቃው ይጫወታል፣ ይጫወታል፣ ከዚያ ይቋረጣል። በመጨረሻ የተፈታው ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴን፣ መታወቂያዬንና ፔይስታቤን (የደመወዝ ወረቀቴን) አንድ ላይ አድርጌ ስልክላቸው ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ስማችሁን ካርዱ ላይ እንዳለው፣ ክፍተቱም ሳይቀር፣ እንዲሁ ጻፉት። የቱ ትክክል ነው ብላችሁ አትከራከሩ። እናታችሁ በምን ስም እንደምትጠራችሁ ማሽኑ ደንታ የለውም።

ይህን ሁሉ ካለፋችሁ በኋላ ነው ዋናው ጥያቄ የሚመጣው። ከሥራ ለምን ወጣህ?

የሰው ቅጽ መሙላት ከጀመርኩ በኋላ አንድ የሠፈራችን ሰው መጡ። ዳውንታውን ያለ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ። ቢሮዎቹ ባዶ ሲሆኑ ጋራዡም ተዘጋ። ጥያቄው ላይ ስንደርስ «ለቀቀ በል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ መቼ ለቀቁ?»

«ተባረረ ተብሎ ስሜ አይጻፍም። በዚህ ዕድሜዬ!»

«ማንም አላባረርዎትም እኮ። ሥራው ነው ያለቀው።»

«እሱስ ልክ ነህ። ግን እንዲያው ደስ አይልም።»

«ጋራዡ ባይዘጋ ኖሮ ነገ ጠዋት ይገቡ ነበር?»

«እንዴታ! ሃያ ዓመት የገባሁበትን?»

«በቃ፣ መልሱ እሱ ነው።»

ትንሽ አሰቡበትና «ሥራ ጠፋ በል እንግዲያው» አሉ። ቅጹ ላይም በትክክል እንዲህ የሚል ምርጫ ነበር።

በእኛ ሚዛን ለቀቀ የተባለ ሰው ክብሩን ይዞ ወጥቷል፤ ተባረረ የተባለው ግን ተዋርዷል። በሕጉ ሚዛን ተገላቢጦሽ ነው። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው በቂ ምክንያት ካላቀረበ ክፍያ የለውም። ሥራ ቀንሶ የተሰናበተ ሰው መንገዱ ክፍት ነው። የተባረረም ቢሆን እንደ ምክንያቱ ነው። ሥራው አልሆንልህ አለ ተብሎ የተሰናበተና ሰርቆ የተያዘ ሰው እኩል አይታዩም። የሚያስከለክለው በሕጉ ጥፋት የሚባለው ነው። ስለዚህ ለጎረቤት ያዘጋጃችሁትን መልስ ለጎረቤት አቆዩት። ቅጹ ላይ የሆነውን ብቻ ጻፉ። ዋሹ አላልኩም፤ እንዲያውም ክብር ለመጠበቅ ብሎ «ለቀቅኩ» ማለት ራሱ እውነት አይደለም።

ጥርጣሬ ካለ የስቴቱ መርማሪ ይደውላል። ብዙ ጊዜ ከማይታወቅ ቁጥር ነው፤ እኛ ደግሞ የማናውቀውን ቁጥር አናነሣም። ቀጠሮ ከተሰጣችሁ አንሡ። እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆንም አስተርጓሚ ጠይቁ። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ገንዘብ አይጠየቅበትም። ለምን እንደማንጠይቅ አውቃለሁ። «አስራ ምናምን ዓመት ኖሬ አስተርጓሚ?» የሚል ኩራት አለ። ታክሲ ውስጥ መጫወትና አለቃህ ያን ዕለት በትክክል ምን እንዳለህ ማስረዳት ግን አንድ አይደሉም። ስንደናገጥ «የስ፣ የስ» እንላለን። መርማሪው «ስለዚህ መሄድ የመረጥከው አንተ ነህ?» ሲል «የስ» ያለ ሰው አውቃለሁ። እየሰማሁህ ነው ማለቱ ነበር። የወንድም ልጅ አጠገብ አስቀምጦ ማስተርጎምም አይመከርም። ልጁ ያጎቱን ክብር ለመጠበቅ ሲል ታሪኩን ያሳምረዋል።

አሠሪውም ይጠየቃል፤ ዝም ላይል ይችላል። ብዙ ሠራተኛ ክፍያ የወሰደበት አሠሪ የታክስ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ መከራከር ይጠቅመዋል። አንዲት ሌላ ቦታ የምትሠራ ጓደኛዬ ሺፍቷ እየቀነሰ እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ አመለከተች። አሠሪዋ «ራሷ ቀረች» ብሎ ጻፈ፤ ተከለከለች። ይግባኝ በይ ስላት «ከነሱ ጋር አልካሰስም፣ ነገ ሊመልሱኝ ይችላሉ» አለች። ይሉኝታ ማለት ይሄ ነው። እነሱ ስለሷ ሲጽፉ አልተጨነቁም፤ እሷ ስለነሱ ትጨነቃለች። በኋላ ሐሳቧን ቀየረች። ችሎቱ በስልክ ነበር፤ እሷ፣ አንድ ዳኛና የአሠሪው ተወካይ። የሺፍት መርሐ ግብሩን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ ቀድማ ልካ ነበር። ተፈረደላት።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። የይግባኝ ጊዜው የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ነው፤ ከደረሳችሁበት አይደለም። በዲሲና በሜሪላንድ 15 ቀን ነው። ፖስታው የሚንቀራፈፍበትን፣ ሰውየው በጠበቃ እንግሊዝኛ የተጻፈውን አንብቦ የሚገባውን ሰው የሚፈልግበትን ቀናት ቀንሱ። ስንት ቀረ? ጥብቅነቱን አልቃወምም፤ ገንዘቡ የሁሉም ነው። ግን ሰዓቱ የሚሮጠው ሁልጊዜ በደካማው ላይ ነው። ስለዚህ ፖስታ ሳጥናችሁንና የኦንላይን አካውንታችሁን በየቀኑ እዩ። ይግባኝ ላይ ሆናችሁም በየሳምንቱ ሰርቲፋይ ማድረጋችሁን፣ ማለትም የሳምንቱን ጥያቄ መመለሳችሁን፣ አታቋርጡ። ጓደኛዬ ባታቋርጥ ነው የኋላው ገንዘብ የተከፈላት። ብትተው ኖሮ ብታሸንፍም ለነዚያ ሳምንታት የሚከፈላት አይኖርም ነበር።

ሳምንታዊው ጥያቄ አጭር ነው። ሠርተሃል? ስንት አገኘህ? መሥራት ትችል ነበር? ሥራ ፈልገሃል? የተሰጠህን ሥራ እምቢ ብለሃል? ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ነው። ገቢው የሚጻፈው በሠራችሁበት ሳምንት ነው፣ ቼኩ በመጣበት ሳምንት አይደለም፤ ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለው ሙሉው ነው። ሥራ የፈለጋችሁበትን ቦታና ቀን ደብተር ላይ ያዙ፤ ይጠይቋችኋል።

በእኛ ዘንድ ችግሩ ያለው «ማገዝ» ላይ ነው። ሥራ የፈታ ሰው ዘመድ ሱቅ ገብቶ መቆሙ አይቀርም። ሬስቶራንት ያላት እህት «ና ቅዳሜ አግዘኝ» ትላለች፤ ማታ መቶ ዶላር ኪስህ ውስጥ ትከታለች። አልወስድም ብትል ትቀየማለች። ይሄ ሥራ ነው፣ መቶውም ገቢ ነው፣ ይጻፋል። ካልተጻፈና ከተደረሰበት ገንዘቡን ማስመለስ ብቻ አይደለም፤ ማጭበርበር ተብሎ ቅጣት ይከተላል። ከተጻፈ ግን የዚያን ሳምንት ክፍያ ይቀንሰዋል እንጂ መብታችሁን አያጠፋውም።

ሌላው አገር ቤት መሄድ ነው። ሥራ ሲቆም መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «እስከዚያ እናቴን አይቼ ልምጣ» ነው። እኔም ትኬት አይቻለሁ። ቦሌ ሆኖ ግን ነገ ሥራ ብትጠራ ትገባለህ የሚለውን ጥያቄ አዎ ማለት አይቻልም። ሂዱ፣ እናት ይቅደም፤ በሄዳችሁባቸው ሳምንታት ግን ክፍያውን አትጠይቁ፤ ስትመለሱ ማመልከቻውን እንደገና ክፈቱ። ሰው ስልክ ሰጥቶ «እኔን ሆነህ ሙላልኝ» ብሎኝ ነበር። አላደረግኩትም፣ ተኳርፈናል፣ ታርቀናል።

እናቴም በኋላ ሰማች። አክስቴ ነገረቻት። ደወለችና «ታዲያ ምን ትበላለህ?» አለችኝ። ስቴቱ በየሳምንቱ ይሰጠኛል ስላት ዝም አለች። «ሳትሠራ?» አለች። «ስሠራ የተከፈለበት ነው እማዬ» አልኳት። «ጎሽ፣ እንደ እድር» ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። እኔ ይህን ሁሉ አንቀጽ የጻፍኩበትን ነገር።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ታክስ። ክፍያው ለፌዴራል መንግሥት ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው። ጃንዋሪ ላይ በዓመቱ የተከፈላችሁን የሚያሳይ 1099-ጂ የሚባል ቅጽ ይመጣል። ስታመለክቱ «10 በመቶ ለታክስ ይቆረጥ?» የሚል ጥያቄ አለ። ቅጽ ስሞላ እዚያ ስደርስ ሁሌ አቆማለሁ፣ አስረዳለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል «አይ፣ ለአሁኑ ሙሉውን ልቀበል» ይላል። አልፈርድም፤ ኪራይ አለ። ኤፕሪል ላይ ግን ስልኬ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳላይ አውቃለሁ።